ድፍን እና ሃይድሮሊክ ታፔት በአሮጌ መኪኖች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአዳማ ቮልስ፣ ፔጆ፣ ላዳ፣ ላንድሮቨርና አሮጌ ኮሮላ የሚነዱ ሰዎች ስለ ታፔት ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረው ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ታፔት ምንድን ነው?

ታፔት በካምሻፍቱና (ካም የሚባሉ ጉብታዎች ያሉበት የሚዞር ዘንግ) በቫልቩ (አየርና ቤንዚን የሚያስገባ ወይም ጭስ የሚያስወጣ በር) መካከል ሆኖ የካሙን ጉብታ ግፊት ወደ ቫልቩ የሚያስተላልፍ አጭር ክብ ብረት ነው። ካምሻፍታቸው በብሎኩ (በሞተሩ ዋና አካል) ውስጥ በሚገኝ አሮጌ ሞተሮች ላይ ጉብታው ታፔቱን፣ ታፔቱ ፑሽሮዱን (ረጅሙን የመግፊያ ዘንግ)፣ ፑሽሮዱ ሮከሩን (እንደ ሚዛን የሚወዛወዘውን ክንድ)፣ ሮከሩ ደግሞ ቫልቩን ይገፋል፤ ጉብታው ሲያልፍ የቫልቩ ሞላ ሁሉንም ወደየቦታቸው ይመልሳቸዋል። ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚዞር፣ በደቂቃ 3,000 ዙር በሚሠራ ሞተር ውስጥ እያንዳንዱ ቫልቭ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይከፈታል፤ ይዘጋልም።

ድፍኑ ታፔት ከሃይድሮሊኩ በምን ይለያል?

ድፍኑ ታፔት በውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ሞተር ሲሞቅ ቫልቩ፣ ፑሽሮዱ፣ ቴስታታውና (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ ራስ) ብሎኩ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መጠን ስለሚረዝሙ፣ በሮከሩ ጫፍና በቫልቩ ግንድ ጫፍ መካከል ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰ ክፍተት ሆን ተብሎ ይተዋል። ይህ ክፍተት ባይኖር ቫልቩ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ጥርቅም ብሎ ሊዘጋ አይችልም። ክፍተቱ ከመበላትና ከሙቀት የተነሣ በጊዜ ብዛት ስለሚለወጥም በየጊዜው በእጅ መስተካከል ይኖርበታል።

ሃይድሮሊኩ ታፔት ግን ውስጡ ክፍት ነው። በውስጡ አንድ ትንሽ ፒስተን፣ ከሥሯ ሞላ፣ እንዲሁም ዘይት እንዲገባ ፈቅዳ እንዳይመለስ የምትከለክል ኳስ አለች። ቫልቩ ተዘግቶ ሳለ በፓምፑ ግፊት የመጣው ዘይት ወደ ታፔቱ ገብቶ ክፍተቱን ሁሉ ይሞላል፤ ጉብታው መግፋት ሲጀምር ኳሷ መንገዱን ትዘጋለች፤ ዘይት ደግሞ ሲጫኑት የማይታመቅ በመሆኑ ታፔቱ በዚያች ቅጽበት እንደ ድፍን ብረት ሆኖ ቫልቩን ይከፍታል። በፒስተኑ ዙሪያ ጥቂት ዘይት ሾልኮ ይወጣና በሚቀጥለው ዙር ይተካል። ብረቱ ቢረዝምም ቢያጥርም ታፔቱ ራሱን በራሱ ያስተካክላል ማለት ነው።

የአሠራሩ የመጀመሪያ ዓላማ ጸጥታ ነበር። ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1930 ባወጣው ባለ 16 ሲሊንደር ሞተር ላይ የቫልቭ ድምፅ ማጥፊያው በዘይት ግፊት የሚሠራ ነበር፤ ሐሳቡ ከውድ መኪኖች ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ተራው መኪና ወረደ። በአገራችን ጎዳና ላይ ዛሬም የሚታዩት አሮጌ የአውሮፓና የጃፓን ትንንሽ ሞተሮች ግን በብዛት በድፍኑ ነው የቆዩት፤ ዋጋው ርካሽ፣ አሠራሩ ቀላል፣ ጥገናውም በማንኛውም ጋራዥ የሚቻል ስለሆነ ነው።

የእኔ መኪና የትኛው ዓይነት ነው ያለው?

በአየር የሚቀዘቅዘው ቮልስ በአገራችን በብዛት በሚታዩት ሞዴሎቹ ድፍን ታፔት አለው፤ ከ1300 እስከ 1600 ሲሲ ላሉት ሞተሮች ክፍተቱ ለአስገቢውም ለአስወጪውም ቫልቭ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ፔጆ 404 እና 504 የቤንዚን ሞተሮችም ድፍን ናቸው፤ ለአስገቢው 0.10፣ ለአስወጪው 0.25 ሚሊ ሜትር ይሰጣቸዋል። የላንድሮቨር 2.25 ሊትር ቤንዚን ሞተር ለሁለቱም 0.25 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። በአሮጌ ኮሮላ ላይ ያለው የቶዮታ 3ኬ ሞተር ለአስገቢው 0.20፣ ለአስወጪው 0.30 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በዚያው ቤተሰብ ውስጥ በኋላ ከወጡት ሞተሮች አንዳንዶቹ ሃይድሮሊክ ስላላቸው በሞዴሉ ስም ብቻ መተማመን አይገባም። ላዳ ደግሞ ካምሻፍቱ በቴስታታው ላይ ስለሆነ ፑሽሮድም ሆነ እንደ ቮልስ ያለ ታፔት የለውም፤ ጉብታው ሮከሩን በቀጥታ ይጫናል። ክፍተቱ ግን እንደ ድፍን ታፔት ሁሉ በእጅ የሚስተካከል ሲሆን መጠኑ ለሁሉም ቫልቮች 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ከአሮጌዎቹ መካከል የሬንጅሮቨር ቪ8 ሞተር ሃይድሮሊክ ነው።

ጥርጣሬ ካለ የቫልቭ ሽፋኑን መክፈት ነው። በሮከሩ ላይ ማስተካከያ ብሎንና ማጥበቂያ ዳዶ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ታፔቱ ድፍን ነው። ይሁንና በአንዳንድ የአሜሪካ ሞተሮች፣ ለምሳሌ በአሮጌ ሸቭሮሌ ቪ8 ላይ፣ ሃይድሮሊክ ታፔት ሆኖም የሮከሩ ዳዶ ይጠብቃል፤ ይላላል። ስለዚህ ዳዶ ታየ ተብሎ ብቻ ወደ ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) መሮጥ አይገባም፤ የሞተሩን ቁጥር ከአምራቹ መጽሐፍ ጋር ማስተያየት ይቀድማል።

የድፍን ታፔት ክፍተት በየስንት ጊዜው ይስተካከላል?

ለቮልስ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ማየት ተገቢ ነው፤ በውሃ ለሚቀዘቅዙት በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ቴስታታ ተከፍቶ ከተገጠመ በኋላ ግን ቁጥሩ አይጠበቅም፤ ጋስኬቱ ስለሚቀመጥና ቫልቮቹ ከመቀመጫቸው ጋር ስለሚላመዱ፣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ሁሉም እንደገና መለካት አለባቸው።

የሚለካው ሞተሩ ቀዝቅዞ ነው ወይስ ሞቆ?

አምራቹ እንዳለው ነው፤ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም። ቮልስ፣ ፔጆና ላዳ በቀዝቃዛ ይለካሉ፤ ቶዮታ 3ኬ ግን ሞተሩ የሥራ ሙቀቱን ካገኘ በኋላ ነው። ለሙቅ ሞተር የተጻፈውን ቁጥር በቀዝቃዛ ሞተር ላይ መጠቀም ትክክል የሚመስል፣ ነገር ግን የተሳሳተ ክፍተት ይሰጣል።

በአዳማ "ቀዝቃዛ" የሚለው ቃል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሞጆ መጥቶ፣ ጋራዥ ደርሶ፣ ቡና እስኪጠጣ የቆመ መኪና ቀዝቃዛ አይደለም፤ ውስጡ ለሰዓታት እንደሞቀ ይቆያል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 30 ዲግሪ በሚያልፍባቸው ወራት ደግሞ ፀሐይ ላይ የዋለ ሞተር ባይነሣም ይሞቃል። የሚመከረው መኪናውን ማታ አሳድሮ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ፣ ፀሐይ ሳትበረታ መሥራት ነው።

የቮልሴን ቫልቭ ራሴ ማስተካከል እችላለሁ?

ይችላሉ፤ በአሮጌ መኪና ላይ ባለቤቱ ሊማራቸው ከሚገቡ ሥራዎች ሁሉ ይህ ቀዳሚው ሊሆን ይገባዋል። ፊለር ጌጅ፣ የማጥበቂያ ዳዶዎቹን የሚፈታ መፍቻ (ብዙውን ጊዜ 13 ቁጥር)፣ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ፣ ፑሊውን የሚያዞር መፍቻና አዲስ የሽፋን ጋስኬት ይበቃሉ። ሲሊንደሮቹን ማወቅ ግድ ነው፦ ከመኪናው ኋላ ሆነው ወደ ሞተሩ ሲመለከቱ በስተቀኝ ወደ መኪናው ፊት ያለው 1ኛው፣ ወደ እርስዎ የቀረበው 2ኛው ነው፤ በስተግራ ወደ ፊት ያለው 3ኛው፣ የቀረበው 4ኛው ነው። በእያንዳንዱ ቴስታታ ላይ ዳርና ዳር ያሉት አስወጪ ቫልቮች ሲሆኑ መካከለኞቹ ሁለቱ አስገቢ ናቸው።

የዲስትሪቢዩተሩን (የማቀጣጠያውን እሳት ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን) ክዳን አንሥተው፣ የፑሊው ምልክት ከብሎኩ መጋጠሚያ መስመር ጋር እስኪገጥምና ሮተሩ በዲስትሪቢዩተሩ ጠርዝ ላይ ወዳለችው ጭረት እስኪያመለክት ድረስ ሞተሩን በእጅ ያዙሩ። በዚያ ቦታ ላይ የ1ኛው ሲሊንደር ሁለቱም ቫልቮች ዝግ ናቸው። ዳዶውን ያላሉ፤ ጌጁን በሮከሩ ብሎንና በቫልቩ ጫፍ መካከል ያስገቡ፤ ጌጁ ሲሳብ በቀስታ ያዝ የሚያደርግ እስኪሆን ብሎኑን ያዙሩ፤ ከዚያ ብሎኑን በካቻቪቴ እንደያዙ ዳዶውን ያጥብቁ። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን አብሮ መጎተቱ የተለመደ ስለሆነ እንደገና መለካት ግዴታ ነው፤ ብዙ የተበላሸ ማስተካከያ የሚመጣው ይህን ሁለተኛ ልኬት ከመዝለል ነው። የማቀጣጠል ተራው 1-4-3-2 በመሆኑ፣ ፑሊውን በሰዓት አቆጣጠር ተቃራኒ በግማሽ ዙር ባዞሩት ቁጥር 2ኛው፣ 3ኛው፣ ቀጥሎም 4ኛው በቅደም ተከተል ይመጡልዎታል።

ክፍተቱ ቢጠብ ይሻላል ወይስ ቢሰፋ? መካኒኬ ድምፁ እንዲጠፋ አጥብቦታል።

ድምፅ ለማጥፋት ተብሎ ክፍተት ማጥበብ በድፍን ታፔት ላይ ሊሠራ ከሚችል ስሕተት ሁሉ የከፋው ነው። አስወጪው ቫልቭ የሚነድደውን ጋዝ በፊቱ የሚቀበል ብረት ነው፤ ሙቀቱን በብዛት የሚያስወግደውም በመቀመጫው ላይ ተዘግቶ በሚቆይባት አጭር ጊዜ ውስጥ ለቴስታታው በማስተላለፍ ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ይህች ጊዜ ታጥራለች፤ ክፍተቱ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ቫልቩ ሳይዘጋ ይቀራል፤ እሳቱ በስንጥቁ ይሾልካል፤ ጠርዙም እየተቃጠለ ይቆረሳል። ከዚያ በኋላ ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው እመቃ) ይወርዳል፤ መኪናው ዳገት ይፈራል፤ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ በዝቅተኛ ዙር) ሲቆምም ይንቀጠቀጣል። መዘዙ ቴስታታ ማስፈታትና ቫልቭ መቀየር ነው።

ክፍተቱ ሲሰፋ ደግሞ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ቫልቩ ዘግይቶ ስለሚከፈትና ቀድሞ ስለሚዘጋ ጉልበት በጥቂቱ ይቀንሳል፤ የሮከሩና የቫልቩ ጫፍም ከመመታት ብዛት ይበላሉ። ይህም ጉዳት ነው፤ ነገር ግን ዝግተኛ ነው፤ በድምፁም ራሱን ያሳውቃል። የጠበበው ቫልቭ ግን ምንም ድምፅ አያሰማም። በዚህ ምክንያት፣ ከመጠን በላይ ጸጥ ያለ አሮጌ ቮልስ ወይም ፔጆ ሲያጋጥመኝ ከሚያንኳኳው ይልቅ እሱ ያሳስበኛል። ድፍን ታፔት ያለው ሞተር በልኩ ተስተካክሎም ቀለል ያለ፣ እኩል የሆነ ድምፅ ማሰማቱ ተፈጥሮው ነው፤ ለባለቤቱም ይህ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

በልኩ ተስተካክሎም አሁንም የሚያንኳኳው ለምንድን ነው?

መጀመሪያ የሮከሩን ጫፍ ይመልከቱ። የቫልቩ ግንድ ለዓመታት ሲመታው ጫፉ ላይ ጎድጓዳ ይፈጠራል፤ ጠፍጣፋው ጌጅ በጎድጓዳው ላይ ድልድይ ሆኖ ስለሚያልፍ 0.15 ብሎ ይነግርዎታል፤ እውነተኛው ክፍተት ግን ከዚያ የሰፋ ነው። መፍትሔው የተበላውን ክፍል መቀየር ወይም በባለሙያ ማስሞረድ ነው።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ድምፁ ከቫልቭ አለመምጣቱ ነው። የማኒፎልድ (ጭሱን ከቴስታታው የሚቀበለው ቧንቧ) ጋስኬት ሲቀደድ የሚያሾልከው ጋዝ ልክ እንደ ታፔት ቀጭ ቀጭ ይላል፤ በተለይ ጠዋት ጎልቶ ይሰማና ብረቱ ሲሞቅ ይቀንሳል። ለመለየት፣ ሽፋኑ ተከፍቶ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ጌጅ በየቫልቩ ክፍተት በጥንቃቄ ይገባል፤ ድምፁ የተለወጠበት ቫልቭ ጥፋተኛው ነው። በየትኛውም ቫልቭ ካልተለወጠ ፍለጋው ወደ ማኒፎልዱ ይዞራል። ይህ ሙከራ ሽፋናቸው ከላይ ለሚከፈት ሞተሮች የሚሆን ነው፤ ቮልስ ላይ ዘይቱ ስለሚፈስ አይሞከርም።

ሃይድሮሊክ ታፔት ያለው መኪናዬ ጠዋት ሲነሣ ያንኳኳል። ታፔት ልቀይር?

ለጥቂት ሰከንዶች አንኳኩቶ ዝም ካለ መቀየር አያስፈልግም። ሞተር ሲቆም ጥቂት ቫልቮች ተከፍተው ይቀራሉ፤ የእነሱ ሞላ ሌሊቱን ሙሉ ታፔቱን ሲጫነው ያድርና ዘይቱን ያስወጣዋል፤ ጠዋት ፓምፑ እንደገና እስኪሞላው ድረስ ክፍተት ይኖራል።

ሞተሩ ሞቆም አንድ ቦታ ላይ የማያቋርጥ ድምፅ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ወይ በቆየ ዘይት ዝቃጭ ፒስተኗ ተጣብቃለች፤ ወይ ኳሷ በትክክል አትዘጋም፤ ወይም ታፔቱ በውስጡ ተበልቷል። ሁሉም ታፔቶች በአንድነት የሚያንኳኩ ከሆነ ደግሞ ታፔት ከመግዛት በፊት የዘይቱን ልክና ግፊት መለካት ይገባል። ዘይት ሲጎድል ብቻ ሳይሆን ከመጠን በላይ ሲሞላም ችግሩ ይመጣል፤ ክራንክሻፍቱ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ ሲጫኑት ስለሚታመቅ ታፔቱ ሥራውን መሥራት ያቅተዋል። ዝቃጭ ለተጣበቀበት ታፔት፣ ዘይቱንና ፍልትሮውን ቀይሮ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ እንደገና መቀየር ብዙ ጊዜ ያድነዋል፤ ስለዚህ ይህ ሳይሞከር ሞተር መፍታት አይመከርም።

ምን ዓይነት ዘይት ልጠቀም?

ታፔቱ በካሙ ላይ እየተፋተገ የሚሄድ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ጫና በሞተሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ከባዱ ነው። ይህን ፍትጊያ የሚያለዝበው በዘይቱ ውስጥ የሚጨመር የዚንክና የፎስፈረስ ውሕድ ነው። አዳዲስ ቀጫጭን ዘይቶች፣ በተለይ መጨረሻቸው 20 ወይም 30 የሆኑት፣ የጭስ ማጣሪያ ካታሊስትን ላለመጉዳት ሲባል የፎስፈረስ መጠናቸው ተገድቧል። ለአዳማ ሙቀትና ለአሮጌ ሞተር 20ደብሊው-50 የሚባለው ማዕድናዊ ዘይት በውፍረቱም በይዘቱም ይስማማል። ሃይድሮሊክ ላለው ሞተር ግን አምራቹ ከጻፈው ውፍረት መራቅ አይገባም፤ ዘይቱ ከመጠን በላይ ከወፈረ ወደ ታፔቱ ቀዳዳ ለመግባት ይዘገያል።

ቮልስ የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ከወንፊት በስተቀር ፍልትሮ የለውም። በወንጂና በመልካሳ አቧራማ መንገዶች የሚመላለስ ከሆነ 5,000 ኪሎ ሜትር መጠበቅ ይበዛበታል፤ በ3,000 መቀየር ይሻላል።

በፈጣን መንገዱ ላይ ስነዳ የትኛው ይበልጥ ይችላል?

ሃይድሮሊክ ታፔት በጣም ከፍተኛ ዙር ላይ የቫልቩ ሞላ ካሙን መከተል ሲያቅተው፣ የተፈጠረውን ክፍተት በዘይት ሞልቶ ቫልቩ እንዳይዘጋ ሊያደርገው ይችላል። ፎርድ በ1960ዎቹ ለ289 ሞተሩ ባለ 271 የፈረስ ጉልበት ዓይነት፣ ሸቭሮሌ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 ላወጣው የካማሮ ዚ28 ሞተር ድፍኑን የመረጡት ለዚህ ነው። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ በሕጉ በሚነዳ አሮጌ መኪና ግን እንዲህ ያለ ዙር አይደረስም፤ ጥያቄው ሊያስጨንቅዎት አይገባም። ሊያሳስብ የሚገባው ሙቀቱ ነው። ከ1,700 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ወደ 2,300 ሜትር ሲወጣ፣ ወይም በአሰላ መስመር ሽቅብ ሲያዘግም፣ ሞተሩ ያለ ዕረፍት በሙሉ ጉልበት ይሠራል፤ ክፍተቱ የጠበበ አስወጪ ቫልቭም የሚቃጠለው በእንዲህ ያለ መንገድ ነው። ከጉዞው በፊት መለካት እዚህ ላይ ዋጋ አለው።

አዲስ ካምሻፍት ካስገባሁ አሮጌውን ታፔት መልሼ ብጠቀምስ?

አይቻልም። የታፔቱ ፊት ጠፍጣፋ ቢመስልም መካከሉ በጥቂቱ ያበጠ ነው፤ የካሙ ጉብታም ወደ አንድ ጎን በጥቂቱ ያዘነበለ ነው። ታፔቱ በእያንዳንዱ ግፊት በራሱ ላይ እንዲዞርና በአንድ ቦታ እንዳይበላ የሚያደርገው ይህ ቅርጽ ነው። አሮጌ ታፔት ፊቱ ከቀድሞው ጉብታ ጋር ተላምዶ ስለሚበላ አዲሱን ካም በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። በዚሁ ምክንያት፣ ሞተር ሲፈታ ታፔቶቹ ቁጥር እየተጻፈባቸው እያንዳንዱ ወደ መጣበት ቀዳዳ መመለስ አለበት፤ በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ አደባልቆ ማጠብ ካምሻፍቱን መጣል ነው።

አዲስ ካምና ታፔት ከተገጠመ፣ ፊታቸው በመገጣጠሚያ ቅባት ይቀባል። ቤንዚኑና ማቀጣጠሉ አስቀድሞ ተስተካክሎ ሞተሩ በሞተሪኖ ረጅም ጊዜ ሳይንገላታ መነሣት አለበት፤ ከዚያም ለ20 ደቂቃ ያህል በሚኒሞ ሳይቆም በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ይያዛል። በሚኒሞ ወደ ካሙ የሚረጨው ዘይት ስለሚያንስ አዲሱ ፊት ይፋቃል።

ድፍኑን አውጥቼ በሃይድሮሊክ መተካት እችላለሁ?

ታፔቱን ብቻ በመቀየር አይሆንም። ለድፍን ታፔት የተቀረጸ የካም ጉብታ ክፍተቱን ቀስ ብሎ የሚዘጋ ረጅም መንደርደሪያ አለው፤ ሃይድሮሊኩ ክፍተት ስለሌለው መንደርደሪያውን ራሱን እንደ መክፈቻ ይቆጥረዋል፤ ቫልቩም ከሚገባው በላይ ተከፍቶ ይቆያል። በተገላቢጦሹ፣ ድፍን ታፔት በሃይድሮሊክ ካም ላይ ቢገባ መንደርደሪያው ስለሚያጥረው ቫልቩ እየተመታ ይከፈታል፤ እየወደቀም ይዘጋል። በዚህ ላይ ብሎኩ ወደ ታፔቶቹ ዘይት የሚያደርስ መንገድ ያስፈልገዋል፤ የፑሽሮዱም ርዝመት ይለወጣል። ቮልስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሜክሲኮ ሃይድሮሊክ ያለው ሞተር ሲያወጣ ታፔት ብቻ አልቀየረም፤ ብሎኩንም ለዚያው አዘጋጅቷል። ክፍተት መለካት ከሰለቸዎት፣ ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ ለብዙ ዓመታት የባለሙያ እጅ ይከፍላል።

አንዱ ቫልቭ በተስተካከለ ቁጥር ቶሎ ቶሎ ክፍተቱ ይጠብባል። ምን ማለት ነው?

ክፍተት የሚጠብበው ቫልቩ ወደ ቴስታታው እየሰመጠ ከሆነ ወይም ቫልቩ ራሱ እየረዘመ ከሆነ ነው። የመጀመሪያው የመቀመጫ መበላት ነው፦ በቀድሞው ቤንዚን ውስጥ የነበረው እርሳስ በመቀመጫው ላይ ቀጭን ሽፋን እየተወ ይጠብቀው ነበር፤ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ሲተዉ፣ መቀመጫቸው በቴስታታው ብረት ላይ በቀጥታ የተቆረጠ አሮጌ ሞተሮች ያለዚያ መከላከያ ቀሩ። መድኃኒቱ በቶርኖ ቤት ጠንካራ የመቀመጫ ቀለበት ማስገባት ነው።

ሁለተኛው እጅግ አስጊ ነው። በቮልስ ላይ 3ኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል፤ በአሮጌዎቹ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው በአየሩ መንገድ ላይ ስለቆመበት ነው። የዚህ ሲሊንደር አስወጪ ቫልቭ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ጠብቦ ከተገኘ፣ ግንዱ እየተሳበ፣ አንገቱም እየቀጠነ ሊሆን ይችላል፤ ራሱ ተቆርጦ ከወደቀ ፒስተኑንም ቴስታታውንም ይሰብራል። ስለዚህ ለሦስተኛ ጊዜ አያስተካክሉት፤ መኪናውን ያቁሙና ቴስታታውን ያስፈቱ። በዚያው አጋጣሚ የቫልቩ ግንድ የሚንሸራተትበት መሪ ቧንቧም ይለካ፤ ሰፍቶ ከሆነ አዲሱ ቫልቭ ሙቀቱን በደንብ ስለማያስተላልፍ እንደ አሮጌው ይሆናል።